የዘገየ መርዶ

አዋጁ ሲታወጅ ለስድስት ወር ነበር። ያኔ የተወለዱት ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አቅፈዋል፤ አዋጁ ግን በየስድስት ወሩ እየታደሰ አለ። የእድሳቱ ቀን በሸንበቆ በር ከተማ ከሌላው ቀን አይለይም። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ የሊቀ መንበሩ የአቶ ጫንያለው ድምፅ «ያለው ሁኔታ እንዲቀጥል ተወስኗል» ይላል፣ ጎመን የሚከትፈውም መክተፉን ይቀጥላል።

አዋጁ ለምን እንደታወጀ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ጦርነት ነበር ይላል፣ አንዳንዱ በሽታ። የሚታወቀው ቀበሌዎች ያን ጊዜ ብዙ ሥልጣን መቀበላቸው ነው፤ መንገድ መዝጋት፣ ሰው ይዞ ማቆየት፣ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ መከልከል፣ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚደረግ የስልክ ወሬን ማጥራት። መርዶ ማዘግየት ግን ከላይ የወረደ ሥልጣን አይደለም። እሱን ለምኖ ያመጣው ሕዝቡ ራሱ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት አንዲት አራስ ባሏ ሞተባት። አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሽማግሌዎች ቀበሌ ሄደው እስከ ክርስትናው ድረስ የጎረቤቱን አፍ ያዙልን አሉ፣ ቀበሌውም ያዘላቸው። ክርስትናው ሲደርስ እናቲቱ ገና አልጠናችም ተባለ። በዚያው ሰሞን ሌላ ቤት ፈተና የሚቀመጥ ልጅ ተገኘ፤ ፈተና ደጁ የቆመበት ልጅ የአባቱን ሞት እንዴት ይስማ? ከዚያ ደም ግፊት ያለባት ሴት መጣች፣ ከዚያ አዝመራውን ያልሰበሰበ ገበሬ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ይሉኝታው ደንብ ሆነ፣ ደንቡም አንቀጽ ሆኖ በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ ግድግዳ እንዲለጠፍ ታዘዘ።

«ማንኛውም መርዶ ያለ ቀበሌው ፈቃድ ለሟች ቤተሰብ፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤትም ሆነ ለሕዝብ አይነገርም። የመፍቀድ ሥልጣን የሊቀ መንበሩ ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም።» የመጨረሻዋ ሐረግ የገባችው ምክትሎች መርዶን በጉቦ እንዳይለቁ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። አንዳቸውም ግን ሊቀ መንበሩ ራሱ ቢሞትስ ብሎ አልጠየቀም፤ ሹም ፊት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር ነው።

መርዶው ያልተነገረ ሰው በሕግ ፊት አልሞተም። ሰዎች «ዘግይቷል» ይሉታል። የዘገየ ሰው እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይደውላል፤ ደህንነት ይጠይቃል፣ በርቱ ይላል፣ ይዘጋል። ድምፁን ማሽን እንደሚያወጣው ይታማል፤ ከየት እንደሚያመጡት ግን የሚጠይቅ የለም።

ትርንጎ የቀበሌው መድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። በሸንበቆ በር ማን እንደሞተ ከቀበሌው ቀጥሎ የሚያውቀው መድኃኒት ቤቱ ነው። ሰው የስኳር መድኃኒቱን አንድ ወር ካልወሰደ ረስቶት ይሆናል፤ ዓመት ካልወሰደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትርንጎ ያልተወሰዱትን እሽጎች ከመደርደሪያው አታነሳም። ማንሳት መርዶ እንደ መንገር ይቆጠራል። ስም የተጻፈባቸው፣ ጊዜያቸው ያለፈ እሽጎች ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፣ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን ትጠርጋለች።

ባሏ ጌጡ የወፍጮ መካኒክ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ምናልባትም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከሸለቆው ማዶ ባለው ቀበሌ የቆመ ወፍጮ ሊጠግን፣ እሷንና ትንሽ ልጃቸውን ቤት ትቶ መፍቻዎቹን ይዞ ወጣ። በዚያው ቀን ኬላው ተዘጋ። ኬላ ለመዝጋት የአንድ ቀበሌ ውሳኔ ይበቃል፤ ለመክፈት ግን ሁለቱ ቀበሌዎች ተሰብስበው መስማማት አለባቸው፣ መሰብሰብ ደግሞ ክልክል ነው። ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ሰማዩ ሲጠራ ከትርንጎ ጓሮ ይታያል።

ጌጡ እሁድ እሁድ ይደውላል። «ደህና ናችሁ? ልጅቷ ደህና ናት? ቤቱ አያፈስም? በርቺ።» ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የተፈቀደው ወሬ ጤና፣ ልጅና ቤት ብቻ ስለሆነ በሕይወት ያለውም የዘገየውም የሚናገሩት ያው ነው። ትርንጎ ይህን ታውቅ ነበር፤ ለጥቂት ዓመታትም በድምፁ ውስጥ እሱን ፈለገችው። ጌጡ ቤት ሳለ ትርንጌ እያለ ነበር የሚጠራት። ስልኩ ላይ ትርንጌ ብሏት አያውቅም። አንድ እሁድ «ያቺን ቁልፍ ዛሬም ጫማህ ውስጥ ነው የምትደብቃት?» አለችው። ይህ የሁለታቸው ቀልድ ነበር፣ ሌላ ሰው አያውቀውም። መስመሩ ትንሽ ጭር አለና «ቤቱ አያፈስም?» አላት።

ያን ቀን ጌጡ እንደሞተ አወቀች። ወይም እንዳወቀች ቆጠረች። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነን» ብቻ ትላለች። ለማሽን ምን ይወራለታል?

አዋጁ በታደሰ ቁጥር ቀበሌ ትሄድና መስኮቱ ፊት ቆማ የባሏን መርዶ ትጠይቃለች። የመስኮቱ መጋረጃ አይገለጥም። ከውስጥ የአቶ ጫንያለው ድምፅ «ጥያቄሽ ደርሶናል፤ ለጊዜው ዘግይቷል» ይላል። ለሁሉም የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ለአንዷ «ባልሽ አልሞተም» ቢባል ያልተባለላት ሁሉ መርዶዋን ከዚያው ታነበዋለች።

የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። አንድ ማለዳ ሰዎች መጥተው ክንዷን እንዲይዟት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንድትቀመጥ፣ እንድታለቅስ። እንባዋ ያለ ውሃ እንደተዋጠ ክኒን ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ አልወርድ አልወጣ ብሏታል። በዚህ ላይ ታፍራለች፤ የባሏን ሞት እንደ ጸጋ የምትለምን ሴት መሆኗ ያሳፍራታል።

የአቶ ጫንያለው ሚስት ወይዘሮ ብርነሽ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ዕቃ ይዛ ቀበሌ ትሄዳለች። ዘበኛው ይቀበላታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ታጥቦ ይመለስላታል። አንድ ማክሰኞ ከዚያ ስትመለስ መድኃኒት ቤት ገባችና ምሳ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ትርንጎ፣ የጫንያለው የስኳር መድኃኒት አለ?»

ትርንጎ ቀና ብላ ላይኛውን መደርደሪያ አየች። የብርነሽም ዓይን ተከትሏት ሄደ። እሽጉ እዚያ ነበር፣ ቀለሙ ለቋል።

«አለ» አለች ትርንጎ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተወሰደው?»

«እትዬ ብርነሽ፣ ይህን እንድመልስልዎ ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንቺን የጠየቅሁሽ።» ብርነሽ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍታ ዘጋች። «ዘበኛው ዶሮ አይወድም። ዶሮ ስሠራ ሥጋው ሳይነካ ይመለስልኛል። ጫንያለው ዶሮ መልሶ ያውቃል?»

«እንግዲያ ያውቃሉ።»

«ማወቅና መርዶ መስማት አንድ ነው እንዴ? እኔ ያልተረዳሁ ሴት ነኝ። ሳልረዳ እንዴት ላልቅስ? ማን ያስተዛዝነኛል?» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ልጠይቀው እሄዳለሁ፣ ዘግይቷል ይለኛል። በራሱ ድምፅ። የራሱን መርዶ እሱ ካልፈቀደ ማንም አይፈቅድም፣ እሱ ደግሞ መሞቱን አያውቅም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ትርንጎ ዞራ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንቀጽ አነበበችው። በሥራ ቀን ሁሉ ከራሷ በላይ ተለጥፎ ስለኖረ አንብባው አታውቅም ማለት ይቻላል። ለቤተሰብ፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለሕዝብ። ጣቷን በቃላቱ ላይ አስኬደች።

«ለሟቹ አይነገርም አይልም» አለች።

ብርነሽ ምሳ ዕቃውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ከዚያ «እኔ ልንገረው» አለች። «ነጋሪዋ እኔ ከሆንኩ ተነገራት የሚለኝ አይኖርም።»

መርዶ ግን እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፤ ነገሩንም ከሩቅ የሚያመጣ አዋቂ ያስፈልጋል። በሰፈሩ ይህን የሚያውቁ የቀሩት እማማ አሰገዱ ነበሩ፤ አዋጁ ሳይመጣ በእድር ዳኝነት የኖሩ አባት ነበሯቸው። ትርንጎ ማታውኑ ቤታቸው ሄደች። አሰገዱ ስልካቸውን በመሀረብ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይይዛሉ። አንድ ልጃቸው ናሁሰናይ እሁድ እሁድ ይደውልላቸዋል።

ሁሉንም ሰሙና «አንቺ ሴት፣ ልጄን ልታሳጪኝ ነው?» አሏት።

«የሚነገረው ለአቶ ጫንያለው ነው እማማ።»

«አትሞኚ። እሱ መሞቱን ካወቀ ነገ ማንን ያዘገያል? ሁሉንም ነው የሚለቀው።» መሀረቡን አጠበቁ። «አንቺ ባልሽን መቅበር ፈለግሽ። እኔ ደግሞ እሁዴን እፈልጋለሁ። ከእሁዴ ላይ እጅሽን አንሺ፣ ውጪልኝ።»

ትርንጎ ወጣች። በመንገድ ላይ፣ ልክ ናቸው፣ ምን መብት አለኝ ብላ ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር።

ጎህ ሲቀድ ግን ከብርነሽ ጋር ወደ ቀበሌ ስታልፍ አሰገዱ አጥራቸው ሥር ቆመው ጠበቋቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እንዲህ ተለብሶ ያየ በሰፈሩ የለም ማለት ይቻላል፣ በዚህ ብቻ ሰው ይታሰራል።

«ናሁሰናይ አስም ነበረበት» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ሦስት ቃል ሲናገር ያርፋል። ስልኩ ላይ ያለው አያርፍም። ተንፍስ ልጄ፣ ቀስ በል እለዋለሁ። አይተነፍስም።» ከዚያ ቀደም ብለው መንገዱን ያዙ።

የቀበሌው ዘበኛ ሦስት ነጠላ ለባሾች አየ። ቆጠራቸው። ከአራት አልበለጡም። ብርነሽን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገና በሩን ለቀቀ።

መስኮቱ ፊት ቆሙ።

«ሰዓቱ ገና ነው» አለ የአቶ ጫንያለው ድምፅ። «ምን ጉዳይ ነው?»

«እንደምን አደርክ ጫንያለው» አሉ አሰገዱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«አሰገዱ ነኝ፣ የእድር ዳኛው ልጅ። ተቀምጠሃል?»

«እኔ ምን ጊዜም ተቀምጫለሁ።»

«መልካም። የሰው ልጅ እንግዳ ነው ጫንያለው። አባቶቻችንም ሄዱ፣ እኛም በየተራችን ነን። የፈጣሪን ሥራ ማን ይመልሳል?»

አቶ ጫንያለው በሕይወት ሳለ ስንት ቤት መርዶ የነገረ ሽማግሌ ነበር፤ ይህ አነጋገር ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ድምፁ ዝቅ አለ።

«መርዶ ነው። ማን ሞተ?»

አሰገዱ ወደ ብርነሽ ዞሩ። የብርነሽ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ትርንጎ ክንዷን ያዘቻት፤ መናገር ግን የእሷ አልነበረም። ስለዚህ አሰገዱ ራሳቸው ጨረሱት።

«አንተ ነህ ልጄ። ከሞትክ ቆየህ።»

«ጥያቄሽ ደርሶናል፤ ለጊዜው…» አለ መስኮቱ፣ ቆመም። ደጋግሞ ጀመረው፤ ደጋግሞ እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ ሰው በሚጠይቅበት አኳኋን «መቼ?» አለ።

«ስኳሩ ነው» አለች ትርንጎ። «መድኃኒቱን መውሰድ ካቆሙ ዘጠነኛ ዓመቱ ነው ጋሼ።»

ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ነበር።

«ለብርነሽ እንዳትነግሯት» አለ ድምፁ። «ደም ግፊት አለባት። ብቻዋን ናት፣ ክረምትም ነው። ትንሽ ትጠና። የእኔ ይዘግይ።»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። ነገሩ ሁሉ ከዚህ እንደ ተጀመረ፣ በዚሁ እንደሚያልቅ ታያት። ያን ጊዜ ብርነሽ ወደ መስኮቱ ተጠጋችና መዳፏን መጋረጃው ባለበት መስተዋት ላይ አደረገች።

«እዚሁ ነኝ ጫንያለው።»

«ብርነሽ?»

«ጠንቻለሁ። ለዘበኛ ምሳ ስሠራ ነው የጠናሁት። በእኔ አሳብበህ አገር አታስጨንቅ። ልቀቀኝ ላልቅስልህ።»

ፀሐይዋ የቀበሌውን ቆርቆሮ ስትነካ፣ በየእንጨቱ ላይ የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ተንኮሻኮሹ። ሰው እድሳት መስሎት ነበር።

«ሊቀ መንበር ጫንያለው አረፈ» አለ የጫንያለው ድምፅ። «የዘገየው ሁሉ ይነገር።»

ከዚያ ስሞቹን መጥራት ጀመረ። ሳይቸኩል፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ትንሽ እየቆየ። ሰው በየደጃፉ ወጥቶ ቆመ። መጀመሪያ ላይ ማንም አላለቀሰም፤ እንዴት እንደሚለቀስ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ብቻ ነበሩ፣ ወጣቶቹ እነሱን እያዩ ተከተሏቸው። የናሁሰናይ ስም ረፋድ ላይ ተጠራ። አሰገዱ መንገድ ዳር ተቀመጡና መሀረባቸውን ፈትተው ስልኩን አፈሩ ላይ አስቀመጡት።

ትርንጎ አጠገባቸው ቆማ የጌጡን ስም ጠበቀች። መድኃኒት መደርደሪያዋ ላይ ያሉት ሁሉ ተጠሩ፣ የማታውቃቸውም ተጠሩ። ወደ ማታ ድምፁ «በዚህ ቀበሌ የዘገየ መርዶ የለም» ብሎ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልሰማውም። ጌጡ አልተጠራም።

ወዲያው ገባት። ጌጡ የሞተው ማዶ ነው። የማዶውን መርዶ የሚፈቅደው የማዶው ሊቀ መንበር ነው፤ የዚህ ቀበሌ ሥልጣን ሸለቆው ላይ ያበቃል። ከተማው በሙሉ ሲያለቅስ እሷ ብቻ ደረቅ ዓይኗን ይዛ ቀረች። በሚያለቅሱት ቀናች። መቅናቷንም አልደበቀችውም፤ ለአሰገዱ ነገረቻቸው፣ እሳቸውም ራሷን በእጃቸው ደባበሱላት።

እሁድ አሰገዱ ደጃፍ ድንኳን ተተከለ። ወጣቶቹ እንዴት እንደሚተከል ስለማያውቁ በአንድ በኩል ዘምሞ ነበር፣ ሰው ግን ከውስጥም ከውጭም ሞላው። የሚቆጥር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ያቺ የታወቀችው ሰዓት ስትደርስ ወሬው ሁሉ ቆመ። ሁሉም ሳያስበው ኪሱንና ደረቱን ይዞ ነበር። በከተማው አንድም ስልክ አልጮኸም። አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው ወደ ትርንጎ እያዩ «ደስ አለሽ?» አሏት።

ያን ጊዜ የእሷ ስልክ ጮኸ።

ድንኳኑ በሙሉ ዞረ። ልትዘጋው ፈለገች፤ የሌላው ዝም ባለበት የእሷ መጮኹ እንደ ነውር ተሰማት።

«አንሺው እንጂ» አሉ አሰገዱ። «የሚደውል የቀረው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።»

አነሳችው። ቀበሌው ወሬውን ሲያጠራ ሁልጊዜ የሚሰማው ጉርምርምታ በመስመሩ ላይ አልነበረም።

«ትርንጎ? ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን» አለች፣ እንደ ልማዷ።

ከማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ ለሌላ ሰው ሲናገር «ያው ናት» አለ። «ደህና ነን ነው የምትለው፣ ሌላ አታውቅም። አላልኩህም? እሷማ ከሞተች ቆየች።»

ትርንጎ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጌጡ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ድምፁ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ቁልፏን ዛሬም ጫማህ ውስጥ ነው የምትደብቃት?»

«ትርንጌ» አለ። ደጋግሞ አለው። «ትርንጌ፣ ስንት ዓመት ስጠራሽ ይቆርጡብኝ ነበር። አንቺም ደህና ነን ብቻ ማለት ስትጀምሪ… ሞተች አልኩ። መርዶሽን ስንት ጊዜ ለመንኳቸው መሰለሽ። ዘግይቷል ይሉኛል።» ድምፁ ተሰበረ፣ ከዚያም እንደ ሽማግሌ ራሱን ሰብሰብ አድርጎ «አጠገብሽ ሰው አለ?» አላት።

«አለ።»

«ተቀመጪ እንግዲህ።»

ተቀመጠች። አሰገዱ እንዲህ ያለ አቀማመጥ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ፈጥነው ክንዷን ያዙላት፣ ብርነሽም በሌላው በኩል መጣች።

«እኔ አለሁ» አላት ጌጡ።

እኔም አለሁ ልትለው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ያ ሁሉ ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ የኖረው ለቅሶ ነበር። ሴቶቹ መርዶዋ የደረሳት መስሏቸው ተቀበሏት፣ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ጮኸ፣ ስልኩ ከእጇ ወድቆ ጭኗ ላይ ቀረ።

«ማን ነው የሞተው?» እያለ ጌጡ ከማዶ ይጠይቅ ነበር። «ትርንጌ፣ ማን ነው የሞተው?»